ፎቶግራፍ የተነፈገው ቅርስ ቢጠፋ በምን ይፈለጋል?



መስቀል በደረሰ ቁጥር ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ የሚያቀኑት ተሽከርካሪዎች ሰውም ስጦታም ሞልተው እንደሚጓዙ የማያውቅ የለም። ዓመቱን ሙሉ በንግድና በሥራ ተበትኖ የከረመው የጉራጌ ተወላጅ በዚህ ሰሞን ወደ ወላጆቹ ደጅ ይሰበሰባል። እኛም የበዓሉን መንገደኛ ተከትለን ወደዚያው ዘልቀን ነበር። ክትፎውን በጣባ፣ ቆጮውን ከነትኩሳቱ ባንጠላም፣ ዋናው ዓላማችን አገሩ ያቆየውን ቅርስ መመልከት ነበር።

በቡታጅራ መንገድ በመጀመሪያ የሚገኘው የሶዶው ጢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ 36 ሐውልቶች ያሉት ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጾ ይታያል። ጎብኚ እንደ ልቡ ፎቶግራፍ ያነሣል። ፈረንሳዊው መነኩሴ አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሻምባር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በዚህ አካባቢ ተዘዋውረው ሐውልቶቹን በፎቶግራፍና በንድፍ አስቀርተዋል፤ ሥራቸውም በ1931 በፓሪስ ታትሟል። ዛሬ አንድ ድንጋይ ቢወድቅ ወይም ቢሸራረፍ፣ ቀድሞ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚመሰክር ወረቀት አለ ማለት ነው።

ተራሮቹን አቋርጠን ከደረስንበት አንድ የታሪክ ቤተ መዘክር ግን ሌላ ነገር ገጠመን። ስሙን መጥቀስ አላስፈለገንም፤ እንደ እርሱ ያሉ በየአገሩ ብዙ ናቸውና። በሩ ላይ «ፎቶግራፍ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በውስጡ የእንሰት መፋቂያ፣ ጋሻ፣ የቀንድ ማንኪያና በዕድሜ ብዛት የጠቆረ የቆዳ ልብስ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ካሜራችንን ከማኅደሩ ሳናወጣው አረጋዊው ጠባቂ «ልጆቼ፣ አይቻልም፤ ትዕዛዝ ነው» አሉን። ትዕዛዙን የሰጠው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፣ እርሳቸው ከመቀጠራቸው በፊት የነበረ መሆኑን ብቻ ነገሩን።

ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የመጣች አንዲት ወጣትም አብራን ትጎበኝ ነበር። አንዱን የቀንድ ማንኪያ እየተመለከተች «አባባ፣ አያቴ እንዲህ ያለ ነበራት፤ ለእናቴ ላሳያት ነው» ብላ ብትለምናቸውም አልተሳካላትም። በመጨረሻ ደብተሯን አውጥታ፣ ርዝመቱን በስንዝር ለክታ፣ በእርሳስ ሣለችው። ጠባቂው ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «መሣል ክልክል ነው የሚል አልተጻፈም» ብለው ፈገግ አሉ። ሥዕሉ ብዙም አላማረም።

ለክልከላው የሚሰጡት ምክንያቶች ከንቱ ናቸው አንልም። የካሜራ ብልጭታ በተደጋጋሚ ሲያርፍበት የብራና ቀለምንና የጨርቅን ማቅለሚያ ሊጎዳ ይችላል የሚል ሥጋት የቆየ ነው። ሌባም በፎቶግራፍ አይቶ ሊመርጥ ይችላል ይባላል። ሆኖም በዚያ ክፍል የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ በቀጥታ በቆዳው ልብስ ላይ ያርፍ ነበር። ከአንድ ቅጽበት ብልጭታ ይልቅ ዕለት ዕለት የሚያርፈው ብርሃን እንደሚያደርቅና እንደሚያወይብ ለማወቅ፣ መጋረጃ ያጣ ቤት ማየት ይበቃል።

ይበልጥ ያሳሰበን ግን መዝገቡ ነበር። ጠባቂው በትሕትና ከፍተው ባሳዩን ደብተር ላይ «ማንኪያ፣ ከቀንድ የተሠራ፣ አንድ» ተብሎ ተጽፏል። መጠኑም ሆነ ምልክቱ አልሰፈረም፤ ሥዕልም የለውም። ይህ ማንኪያ ነገ ከመደርደሪያው ተነሥቶ በሌላ ቢተካ ማን ያውቃል? ለቤቱ ለራሱ የተነሣ ፎቶግራፍ ይኖር እንደ ሆነ ስንጠይቅ ጠባቂው የእጅ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ይህስ ያነሣ ነበር፤ ነገር ግን ክልከላው እኔንም ይጨምራል» አሉን።

በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በቤልጅየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። ያ መስቀል ስመ ጥር ነበር፤ ያየው ሁሉ «የላሊበላው ነው» ይለዋል። ከትግራይ የጨለቆት ሥላሴ የጠፋውን የ18ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ዘውድ ደግሞ በሆላንድ የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግዳ ሻንጣ ውስጥ አግኝተው፣ ለ21 ዓመታት ሰውረው ጠብቀውታል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። ከመጥፋቱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ አንድ ካህን ይህንኑ ዘውድ ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ ነበር። የቀንድ ማንኪያው እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። ዘውድ ስላልሆነም በስሙ የሚጠራው የለም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ጎብኚው እንዳያነሣ መከልከል የቤቱ መብት ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ራሱን መከልከሉ ግን ሊገባን አልቻለም። ያየናቸውን ዕቃዎች በሙሉ አንድ በአንድ ለማንሳትና ለመለካት ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ማስመሪያ፣ የጠባቂው የእጅ ስልክና የጥቂት ቀናት ሥራ ይበቃ ነበር። የመስኮቱ መጋረጃም በዚያው ሊሰቀል ይችላል።