አውራጃው የት ሄደ?

በ1960 ዓ.ም. ከመሐል ሜዳ የሚላክ ደብዳቤ «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚል አድራሻ ቢይዝ ትክክል ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ከተማዋ የምትገኘው በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን ነው። የአውራጃው ምድር መንዝ ጌራ፣ መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎና ግሼን ለመሳሰሉ ወረዳዎች ተከፋፈለ፤ መርሐቤቴም ከአውራጃነት ወደ ወረዳነት ወረደ። (ጌራ፣ ማማና ላሎ የሚሉት ስሞች ግን ከአውራጃውም የቀደሙ ናቸው።)

በአገራችን ደብዳቤ በአመዛኙ የሚደርሰው ከቤት ደጃፍ ሳይሆን ከፖስታ ሣጥን በመሆኑ፣ የከተማው ስምና የሣጥኑ ቁጥር እስካሉ ድረስ መንገዱን አይስትም። ብሪታኒያም ወደዚሁ መርሕ የደረሰችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝና በዌልስ የካውንቲዎች ወሰን በሰፊው ተለወጠ። የፖስታ ኮድ ግን የሚከተለው የደብዳቤ ማደያ መስመርን እንጂ የአስተዳደር ወሰንን ስላልሆነ፣ ከ1996 ወዲህ በአድራሻ ላይ ካውንቲ መጻፍ ግዴታ መሆኑ ቀረ።

የሚቸገረው ሰው ነው። የትውልድ ቦታው «መንዝና ግሼ አውራጃ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ሰው፣ ዛሬ በቅጽ ላይ «ወረዳ» ለሚለው ጥያቄ ከመዝገቡ መልስ አያገኝም።

ኬክሮስና ኬንትሮስ ይበቃናል የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ እንገምታለን። ቁጥሩም ቢሆን የራሱ አውራጃ አለው! የቆዩት ካርታዎቻችን «አዲንዳን» በተባለ የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ሌላ ነው። አንዱ ቁጥር በሁለቱ ሲነበብ የሚያመለክታቸው ቦታዎች ከመቶ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። በመንዝ ገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ቀላል ርቀት አይደለም።