ምራቅ ሲነጥፍ

የተቆረጠ ሎሚ ባየን ጊዜ አፋችን ምራቅ ይሞላል። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ነገር በመሆኑም ምስጢሩን ለመመርመር እምብዛም አንጨነቅም። ይሁን እንጂ ከሦስት ጥንድ ዐበይት ዕጢዎችና ከበርካታ ጥቃቅን ዕጢዎች በየቀኑ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ያህል የሚመነጨው ምራቅ ምግብን ከማራስ ያለፈ ተግባር አለው። አሲድን ያረክሳል፤ በካልሲየሙና በፎስፌቱ ጥርስን ይጠግናል፤ ላይሶዛይም በተባለው ኢንዛይም ደግሞ ባክቴሪያዎችን ይዋጋል። ዋጋው ጎልቶ የሚታየው ግን ሲነጥፍ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ለሉኪሚያና ለመሰል የደም ካንሰሮች የሚደረገው የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው። የዚህ ሕክምና ፈር ቀዳጅ አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 እ.ኤ.አ. ከጆሴፍ መሬይ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ታማሚው አዲሶቹን ሕዋሳት ከመቀበሉ በፊት ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም የመላ ሰውነት ጨረር ይሰጠዋል። ሕክምናው በፍጥነት የሚከፋፈሉ ሕዋሳትን ስለሚያጠቃ የአፍ ውስጥ ስስ ሽፋንም ይቆስላል። በዚያው ሰሞን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚመናመኑ ቁስሉ ተሕዋስያን ወደ ደም የሚገቡበት በር ይሆናል።

ታዲያ ምራቅን ማነቃቃት ቁስሉን ያስቀር ይሆን? ተመራማሪዎች ይህን በፒሎካርፒን ሞክረዋል። ፒሎካርፒን ከብራዚሉ የጃቦራንዲ ቁጥቋጦ ቅጠል በ1875 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ነርቮች ለዕጢዎች የሚልኩትን መልእክት አስመስሎ ምራቅን ያመነጫል። ውጤቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዘርፉ ዓለም አቀፍ መመሪያም መድኃኒቱ ለዚህ ዓላማ እንዳይሰጥ መክሮ ነበር። በአንጻሩ ሜልፋላን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥበት ሰዓት የበረዶ ስብርባሪ መምጠጥ ይጠቅማል። ቅዝቃዜው የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ወደ አፍ ሽፋን የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳልና።

የማነቃቃት ተራ የሚመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ከወራት በኋላ፣ ከሌላ ሰው የተለገሱት ሕዋሳት የተቀባዩን ዕጢዎች እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊወጉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አፍ ይደርቃል፤ ቁራሽ ዳቦ መዋጥ ይቸግራል፤ ጥርስም ቶሎ ይበሰብሳል። ስኳር አልባ ማስቲካ ማኘክ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ፒሎካርፒን መውሰድ የተረፉትን ዕጢዎች ያሠራል፤ ምንም እንኳ መድኃኒቱ ላብ ቢያበዛም። ሎሚ ግን አሲዱ ቁስልን ስለሚያቃጥልና ጥርስን ስለሚሸረሽር አይመከርም። ዕጢው ፈጽሞ ከጠፋ ደግሞ የሚነቃቃ ነገር አይኖርም፤ ያለው አማራጭ ሰው ሠራሽ ምራቅ፣ ውኃና ጥርስን የሚጠብቅ ፍሎራይድ ነው።

እንግዲህ አንድ መድኃኒት ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለን ብቻ መጠየቃችን አይበቃም። ጉዳቱ የደረሰው በሽፋኑ ላይ ነው ወይስ በዕጢው፣ ከዕጢውስ የተረፈ አለ ወይ ብለን አስቀድመን መጠየቅ ይኖርብናል።