የበረሃው ቤተ መዘክርና የተማሪዎች ጉብኝት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ተማሪዎች ከክፍላቸው ወጥተው አንድን ስፍራ እንዲጎበኙ ማድረግ በብዙ አገር የተለመደ የትምህርት ዘዴ ነው። ነገር ግን መውጣት ሁሉ ትምህርት አይደለም። አውቶቡስ ተሳፍሮ፥ ዘፍኖና ምሳ በልቶ መመለስ ሽርሽር ነው። ጉብኝት የሚባለው፥ ዓይን ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ አውቆ ሲሄድ ነው። ይህም ልዩነት ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ በበረሃ ጎልቶ ይታያል፤ በረሃ ላልተማረ ዓይን ባዶ ይመስላልና። ነገሩን በአንድ የታወቀ ስፍራ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

በአሜሪካ፥ በአሪዞና ግዛት፥ ከቱሳን ከተማ በስተ ምዕራብ፥ የአሪዞና ሶኖራ የበረሃ ቤተ መዘክር የሚባል ተቋም አለ። ያቋቋሙት ዊልያም ካርና አርተር ፓክ ሲሆኑ፥ ለሕዝብ የተከፈተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ነው። ቤተ መዘክር ሲባል የደረቀ አጥንትና በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ይታሰበን ይሆናል። የዚህኛው አብዛኛው ክፍል ግን ጣራ የለውም፤ ጎብኚው በእግሩ እየተዘዋወረ አራዊቱንና ዕፀዋቱን በሕይወት ሳሉ ያያል። የሩቅ አገር አንበሳና ዝሆን አይታይበትም፤ የሚታየው የሶኖራ በረሃና የአካባቢው ፍጥረት ብቻ ነው። በቀደሙት ዘመናትም፥ በኖኅ መርከብ አምሳል «የበረሃው መርከብ» የተባለ መኪና እንስሳትን ጭኖ በየተማሪ ቤቱ ይዞር ነበር።

ለተማሪዎች ከሚታዩት ሁሉ ቀዳሚው ሳግዋሮ የተባለው ታላቅ ተክል ነው። መልኩ የአገራችንን ቁልቋል ይመስላል፤ ዝምድና ግን የላቸውም። የእኛው ቁልቋል ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጣ የሌላ ወገን ተክል ነው። የሳግዋሮ ዘመድ፥ በትግራይ በለስ የሚባለውና ጥንቱን ከአሜሪካ ምድር የመጣው ባለ እሾህ ተክል ነው። ሳግዋሮንና ቁልቋልን ግን ድርቅ በየአገራቸው አስተምሮ አንድ ዓይነት ቅርጽ አልብሷቸዋል፤ ሁለቱም ግንዳቸውን የውሃ ጎተራ አድርገዋል።

የሳግዋሮ ግንድ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ከላይ እስከ ታች እጥፋት አለው። ዝናብ ሲጥል እጥፋቱ ይከፈትና ግንዱ ውሃ ይሞላል፤ ደረቁ ወራት ሲመጣ ተመልሶ ይሰበሰባል። ቁመቱ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት የሚያድገው ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ክንድ የሚያወጣውም አብዛኛውን ጊዜ 50 ዓመት ካለፈው በኋላ ሲሆን፥ ዕድሜው ከ150 ዓመት በላይ ይደርሳል። እንግዲህ የ10 ዓመት ልጅ ባለ ክንዱን ሳግዋሮ ቀና ብሎ ሲያይ ምናልባት የአያቱን እኩያ ያያል። ይህን የተረዳ ልጅ በስለት ስሙን ሊቀርጽበት አይደፍርም።

በዚያው በረሃ በኋላ እግሯ እየዘለለች የምትሄድ አንዲት ትንሽ አይጥ አለች። ውሃ ሳትጠጣ ትኖራለች፤ ከምትመገበው ደረቅ ዘር ሰውነቷ ራሱ ውሃ ይሠራላታልና። ቀን የጉድጓዷን አፍ በአፈር ደፍና ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ ምግቧን ትለቅማለች። በቀትር የመጣ ተማሪ ይህን ካልተነገረው አሸዋ ብቻ አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

ስለዚህ የጉብኝቱ ሥራ የሚጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥያቄ ይሰጣል፦ ይህ እንስሳ ውሃ ከየት ያገኛል? ከፀሐይ በምን ይሸሸጋል? ይህስ ተክል በማን ጥላ ሥር አደገ? በሶኖራ በረሃ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ ቀዝቀዝ ያለውን ወራትና የማለዳውን ሰዓት መምረጥ፥ በቂ ውሃና ባርኔጣ መያዝም ግድ ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ቡድን መልሱን ጽፎ፥ ያየውንም ሥሎ በጓደኞቹ ፊት ያስረዳል። ይህ የቀረ እንደ ሆነ የታየው ሁሉ በሳምንቱ ይረሳል።

ይህ ነገር የመንግሥት ሠራተኛን ምን ይመለከተዋል ይባል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የዛሬው ተማሪ ነገ በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ስለ መሬት የሚወስን ሰው ነው። በልጅነቱ በረሃን ባዶ ነው ብሎ የተማረ ሰው፥ ሲያድግ በመዝገብ ላይ «ጠፍ መሬት» ብሎ ጽፎ ይፈርማል፤ በዚያ መሬት የሚኖረውን ሰው፥ እንስሳና ዕፅ አያስበውም። በሶኖራ በረሃ ግን ቶሆኖ ኦኦዳም የተባሉት ነባር ሕዝቦች በበጋ መግቢያ የሳግዋሮን ፍሬ በረጅም እንጨት እያወረዱ ሲመገቡ ኖረዋል። ለእነርሱ ስፍራው ማሳም ጎተራም ነው።

በእኛም አገር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ ሳላ ውሃ ሳያገኝ ብዙ ቀን ታግሦ ይውላል። ወላጆችና መምህራን ልጆቻቸውን ወደዚያ ሲወስዱ፥ ከስንቁ ጋር አንዳንድ ጥያቄም ቢያስይዟቸው፥ ልጆቹ ሲመለሱ የሚነግሩን ነገር ይኖራቸዋል፤ እኛም ከእነርሱ ለመማር ጆሯችንን እናዘጋጅ።