ክኒኑ ሲያስርብ

ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ለምን ያቋርጣሉ? ይህን ጥያቄ በቡታጅራ አካባቢ ለሕሙማኑ ለራሳቸው፣ ለአስታማሚዎቻቸውና ለጤና ባለሙያዎች ያቀረቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያገኙትን አሳትመዋል። ከመልሶቹ አንዱ ረሃብ ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚጨመር እንጀራ የለም። ሆዱ ሲጮኽ ከሚውል ክኒኑን የተወ ሰው «ሕመሙን አያውቅም፣ እምቢተኛ ነው» ይባላል እንጂ ለምን እንደተወ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

ለስኪዞፍሬንያና ለመሰል የሳይኮሲስ ሕመሞች የሚሰጡ መድኃኒቶች ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት ዶፓሚን የተባለው የአንጎል መልእክተኛ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች በመያዝ ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ፣ «ሊገድሉኝ ነው» የሚለው ፍርሃት በዚህ መንገድ ጋብ ይላል። ነገር ግን የእጅና የእግር እንቅስቃሴም በዶፓሚን የሚመራ ነው። ስለዚህ ሃሎፔሪዶል የሚውጥ ወይም በየጥቂት ሳምንቱ ፍሉፌናዚን የሚወጋ ሰው እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሰውነቱ ሊገተር፣ ለሀጩም ሊዝረበረብ ይችላል። ክሎርፕሮማዚንና ኦላንዛፒን ደግሞ የሂስታሚንን ተቀባዮች ጭምር ይይዛሉ። ድብታውና ረሃቡ በከፊል የሚመጡት ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ በፎገራ ሜዳ፣ በቁሐር ሚካኤል የሚኖር አንድ ገበሬ ላይ አስቡት። ክረምት የሩዝ አረም ወቅት ነው፤ ሰው ውኃ በያዘ ማሳ ውስጥ ጎንበስ እንዳለ ይውላል። ጎተራ የሚጎድለውም ያን ጊዜ ነው፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ጣቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ወገቡ የተገተረ ሰው አረሙን ከሩዙ ለይቶ መንቀል ይቸግረዋል። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ከሆነ ቆዳው ለፀሐይ ስስ ይሆናል፤ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ እንዲለብስ የነገረው ከሌለ ፊቱ ሲቃጠል ምክንያቱን እንኳ አያውቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ መቁነጥነጡ ነው። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ መቀመጥ የሚከለክል የውስጥ ጭንቀት ያመጣል፤ ሰውየው ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያነጋል። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «ተነሣበት» ይላል። በር ላይ ረጅም ሰልፍ የሚጠብቀው ባለሙያም እንዲሁ ካሰበ መጠኑን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ መቁነጥነጡ ይብሳል። መፍትሔው መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። «መቼ ጀመረህ? ከመርፌው በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ብዙውን ይፈታል፤ ጥያቄው ግን መቅረብ ያለበት ካርድ ይዞ ለመጣው ወንድም ብቻ ሳይሆን ለታማሚው ለራሱ ነው።

የሕሙማን መብት ስል ከዚህ እጀምራለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል፤ ሕክምናም በነጻ ፈቃድና በቂ ማብራሪያ ተሰጥቶ እንዲሆን ያዛል። ክኒን አድቅቆ ወጥ ውስጥ የሚጨምር ቤተሰብ ግን በየመንደሩ አለ። የእናቲቱ ጭንቀት ይገባኛል፤ ሌላ መንገድ ያሳያት የለም። ሆኖም ልጁ አንድ ቀን ያወቀ እንደሆነ ከመድኃኒቱ ጋር የእናቱን ምግብም መፍራት ይጀምራል።

የሴቶች ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ አጣዳፊ ነው። ለስሜት መዋዠቅና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ፣ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ፤ የአከርካሪ ክፍተት አንዱ ነው። ልትወልድ የምትችል ሴት ይህ ሳይነገራት ክኒኑ ከተሰጣት ተበድላለች።

ይህን ያነበበ ሰው ግን መድኃኒቱን ዛሬ እንዳይጥል እለምናለሁ። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊመልስ ይችላል፤ መቀነስ ካለበት በባለሙያ እየታየ፣ ቀስ በቀስ ነው። ሕመሙም ራሱ ዋጋው ከባድ ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ከ900 በላይ ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው፣ የሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው አቅራቢያ በሶዶ ወረዳ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያዎች ሲወርድ ደግሞ፣ በሰንሰለት ወይም በገመድ የሚታሰሩት ሕሙማን በአንድ ዓመት ውስጥ ከሩብ ገደማ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ቀንሰዋል። ሰንሰለቱን ለመፍታት በአቅራቢያ የተገኘው ሕክምና ሳይረዳ አልቀረም።

በእኛ አገር የሚቀረው ጥያቄ ጸበልና ጾም ነው። «ወይ ጸበሉን ወይ ክኒኑን ምረጥ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ጸበሉን ይመርጣል፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ግን መቅረብም አልነበረበትም። በጋናና በናይጄሪያ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ባለሙያዎች ጋር አብረው የሠሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ ሙከራ፣ በጋራ የታከሙት ሕሙማን ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳይቷል። በአዲስ አበባም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጸበል ቦታ ከካህናት ጋር ተባብረው መሥራታቸው በጥናት ተዘግቧል። ጾሙም ቢሆን መላ አያጣም። ብዙዎቹ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ማታ ሊወሰዱ ይችላሉ። ከእራት በኋላ የተዋጠ ክኒን ጾም አያስፈታም፤ ድብታውም በአብዛኛው ሌሊት ላይ ያልፋል። ነርሱ ይህን ሰዓት ሊቀይር የሚችለው ግን ታማሚው እንደሚጾም ካወቀ ነው፤ ታማሚውም የሚናገረው ቁጣ እንደማይጠብቀው ሲያውቅ ነው።