ከሰሉን እንሽጠው ወይስ እንቅበረው?

የከሰል ዋጋ በለጠፍን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ባዮቻር የሚሉት ያው ከሰል አይደል እንዴ? አፈር ውስጥ ከምንቀብረው ለምን አንሸጠውም?» የገበያ ጥያቄ ነው፣ በገበያ እንመልሰው።

አዎ፣ ያው ከሰል ነው። ለምድጃ ሳይሆን ለአፈር መዋሉ ነው ልዩነቱ። አዊ ዞን ፋግታ ለኮማን እንውሰድ። ገበሬው ዲከረንስ ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ በአራት አምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስላል፤ ጆንያው አዲስ አበባ ይገባል። አሁን ግን ዛፉን የዝገት በሽታ መታውና ወደ እህል የተመለሰው ገበሬ ቀላል አይደለም። አፈሩ አሲዳማ ነው፣ እህሉም ዩሪያ ይፈልጋል። ዩሪያ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር የት እንደደረሰ ለእናንተ አይነገርም።

ወደ ሂሳቡ። በሙከራ ማሳዎች ላይ በሄክታር 10 ቶን የተለመደ መጠን ነው። ለሩብ ሄክታር 25 ኩንታል ማለት ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ከሰል ሆኖ የሚተርፈው ቢበዛ ሩብ ያህሉ ነው፤ ስለዚህ 100 ኩንታል እንጨት ይፈልጋል። 25 ኩንታሉን በሰፈራችሁ ዋጋ አባዙት። የሚሸጥ ከሰል መቅበር አያዋጣም፣ በቃ።

የሚያዋጣው ገዢ የሌለው ነው፦ ከማክሰያው ስር የሚቀረው ድቃቂና ተቆርጦ የሚጣለው ጭራሮ። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍሩ። ደረቅ ጭራሮ አንድዱበት፤ ላዩ ነጭ አመድ ማልበስ ሲጀምር ሌላ ጨምሩ። እንዲህ እያላችሁ ሲሞላ በደንብ ውሃ አፍስሱበት። ከዘገያችሁ የሚተርፋችሁ አመድ ብቻ ነው። እሳቱን ትታችሁ ቡና እንዳትጠጡ!

ከሰል በማዳበሪያ ይሸጣል እንጂ ራሱ ማዳበሪያ አይደለም (የጆንያችን ስም አሳስቶን እንዳይሆን)። ጥሬውን ከበተናችሁት ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ይሻማል፤ ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። አድቅቃችሁ ከፍግና ከከብት ሽንት ጋር ቀላቅሉት፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። አሲዱን ያለዝባል፣ እርጥበትና ንጥረ ነገር ይይዛል፣ እንደ ፍግ በየዓመቱ አያልቅም። ኖራን ግን አይተካም።

ማሳ ሙሉ አትበትኑ። ድንች ስትተክሉ በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ይበቃል። ሁለት መስመር ያለ ምንም ተዉና በአጨዳ ጊዜ በሚዛን አወዳድሩ፤ እስከዚያው የዩሪያውን መጠን እንዳትነኩት።

የጆንያ ዋጋ ማታ እንደተለመደው እንለጥፋለን።