ከሽሮ ሜዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የዕደ ጥበብ ንግድ ተረትና እውነታ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐበሻ ባዛሮች የሽሮ ሜዳ ነጠላ፣ የሐረር ስፌትና የሸክላ ጀበና ተዘርግተው ማየት የተለመደ ነው። ከዋና ሥራቸው ጎን ለጎን ይህን ንግድ የጀመሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ሥራው ሊከበር ይገባዋል፤ የሸማኔውንም የሻጩንም ቤት ያበላል። ነገር ግን ለጀማሪ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር ብዙ ስህተት አለበት። የዚህ ንግድ ትርፍም ሆነ ኪሳራ በአብዛኛው የሚወሰነው ዕቃው ከአዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት ነው። በብዛት የሚሰሙት አባባሎች ከእውነታው ጋር ሲመዘኑ እንዲህ ናቸው።

ተረት፦ «በሻንጣ የመጣ ዕቃ ቀረጥ የለውም»

እውነታ፦ የአሜሪካ ጉምሩክ ከውጭ የሚመለስ ነዋሪ ለራሱ መገልገያና ለስጦታ ከሚያመጣው ዕቃ በመደበኛው ደንብ እስከ 800 ዶላር ድረስ ቀረጥ አይጠይቅም። ለሽያጭ የመጣ ዕቃ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም። በሁለት ሻንጣ ሙሉ አንድ ዓይነት ነጠላ ይዞ «ለቤተሰብ ነው» ማለት ለጉምሩክ የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ ዕቃው ሊወረስ፣ ባለቤቱም ሊቀጣ ይችላል። እውነቱን የተናገረ ሰው መንገዱ ያን ያህል አይከብደውም፤ ዋጋው ከ2,500 ዶላር ያልበለጠ የንግድ ዕቃ በአብዛኛው በቀላሉ ሥርዓት ይስተናገዳል። ከዚያ በላይ ሲሆን መደበኛ ሰነድና የጉምሩክ ዋስትና ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ መያዝ ይበጃል።

በፖስታ ስለሚላክ ጥቅል የሚነገረውም ጊዜው አልፎበታል። ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ያለ ቀረጥ የሚገባበት አሠራር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ታግዷል።

ተረት፦ «በእጅ የተሠራ የአፍሪካ ዕቃ በአጎዋ ነፃ ነው»

እውነታ፦ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲገባ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአጎዋ ሕግ በእጅ ለተሸመኑና ለባህላዊ ጨርቃ ጨርቅ ውጤቶች በእርግጥ የተለየ ቦታ ነበረው። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ወጥታለች። በእጅ መሠራት ብቻውን ዕቃን ከቀረጥ ነፃ አያደርግም። ቀረጡን የሚወስኑት የታሪፍ ቁጥሩ፣ ዕቃው የተሠራበት ጥሬ ዕቃና የመጣበት አገር ናቸው።

ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በመደበኛው የአሜሪካ ታሪፍ የጥጥ ነጠላ በሻርፕ ምድብ ገብቶ 11.3 በመቶ ሲከፈልበት፣ ቢያንስ 70 በመቶው ሐር የሆነ ሻርፕ ግን 1.2 በመቶ ብቻ ይከፈልበታል። ሸማኔውና መጠኑ አንድ ቢሆኑም ክሩ ሲለወጥ ቀረጡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ደግሞ በመደበኛው ላይ የሚታከሉ ተጨማሪ ታሪፎች ደጋግመው ተለዋውጠዋል። ስለዚህ አምና የከፈለን ሰው ከመጠየቅ ይልቅ በሚጫንበት ሳምንት የሚሠራውን ታሪፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ተረት፦ «በ20 ዶላር ገዝቶ በ60 የሸጠ 40 አተረፈ»

እውነታ፦ ይህ አባባል ብዙ ጀማሪዎችን ከገበያ አስወጥቷል። በምሳሌ እንየው። አንድ የጥጥ ነጠላ በ20 ዶላር ተገዛ እንበል። የጭነት ድርሻው 5 ዶላር ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው በግዢው ዋጋ ላይ እንጂ በዓለም አቀፍ ጭነቱ ላይ ስላልሆነ፣ በመደበኛው ታሪፍ ብቻ የ20 ዶላር 11.3 በመቶ 2.26 ዶላር ይሆናል። ለአስተላላፊ፣ ለመለያ ጽሑፍና ለማሸጊያ 2.74 ዶላር ሲጨመር ነጠላው እጃችን እስኪገባ 30 ዶላር ፈጅቷል።

ባዛር ላይ በ60 ዶላር ቢሸጥ የሚተርፈው 30 ዶላር ነው፤ ከዚያም የጠረጴዛ ኪራይ፣ የካርድ ክፍያ ኮሚሽን፣ የሽያጭ ግብርና ሳይሸጥ የሚያድረው ዕቃ ወጪ አለ። ንግዱን ለማስፋት ለሱቆች ማከፋፈል ሲታሰብ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የአሜሪካ የስጦታ ዕቃ ሱቆች በብዛት የሚገዙት በመደርደሪያ ዋጋው ግማሽ ነው። በ60 የሚሸጡትን በ30 ይወስዱታል፤ አስመጪው የቀረው ነገር የለም። መሸጫ ዋጋ ሲወጣ ከግዢው ሳይሆን ዕቃው እጅ እስኪገባ ከፈጀው ጠቅላላ ወጪ መነሣት አለበት። በዚያ ሂሳብ የማያዋጣ ዕቃ ምንም ቢያምር አለመግዛት ነው የሚሻለው።

ተረት፦ «የባህል ልብስ መለያ ጽሑፍ አያስፈልገውም»

እውነታ፦ በአሜሪካ የሚሸጥ ልብስና ሻርፕ ሁሉ ከምን ከምን ክር በስንት በመቶ እንደተሠራ፣ በየት አገር እንደተሠራና የአምራቹን ወይም የአስመጪውን ማንነት በእንግሊዝኛ የሚገልጽ መለያ ሊኖረው ይገባል። መለያውን አዲስ አበባ ላይ ማሰፋት ርካሽ ነው፤ ጉምሩክ ካስቆመው በኋላ ማሰፋት ግን ውድ ነው።

ደኅንነትም አለ። ለልብስ የሚውል ጨርቅ በእሳት የመቀጣጠል መለኪያ ይመለከተዋል። ክብደቱ በካሬ ያርድ 2.6 አውንስ የሚሞላ ለስላሳ ገጽ ያለው ጨርቅ ከምርመራ ነፃ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ስስ ጥጥ ግን ነፃ አይደለም። ስስ ነጠላ ለብሰን ጧፍ እንደምናበራ ስናስብ ደንቡ ለእኛም እንደሚጠቅም ይገባናል። ለልጆች የሚሸጥ ልብስና መጫወቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን ጥብቅ የሕፃናት ምርቶች ሕግ ማሟላት አለበት። ምግብና መጠጥ የሚያዝበት ሸክላ የሚለቀው የእርሳስ መጠንም ቁጥጥር አለበት።

መለያው ላይ የሚጻፈው ቃልም እውነት ይሁን። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። እንዲህ ያለው ሸማ «በእጅ የተሸመነ» ይባላል እንጂ «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል» አይባልም።

ተረት፦ «አሮጌ ዕቃ ይበልጥ ያዋጣል»

እውነታ፦ የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ መስቀልና ሥዕለ ማርያም ሸቀጥ አይደሉም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አዲስ የተሠራ መስቀል እንኳ አሮጌ መስሎ ከታየ ጥያቄ ስለሚያስነሣ፣ ከቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ይዞ መጓዝ ይገባል። የዝሆን ጥርስና የነብር ቆዳ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ለንግድ የተከለከሉ ናቸው፤ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍም በዚሁ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። እነዚህን ጨርሶ አለመንካት ነው።

ተረት፦ «ሸማኔውን ተከራክሮ ዋጋ ማስወረድ ጎበዝ ነጋዴ ያሰኛል»

እውነታ፦ ዋጋው አላግባብ የተቆረጠበት ሸማኔ ወይ ክሩን ያሳሳል፣ ወይ ጥለቱን ያሳጥራል፣ ወይ የተሻለ ለከፈለ ሰው ሥራውን አስቀድሞ የእኛን ያቆያል። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ክር የሚገዛበት ገንዘብ እጁ ላይ የለም። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት መርሆዎች የዕደ ጥበብ ገዢዎች ሲጠየቁ ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ ቀድመው እንዲከፍሉ የሚያዙት ለዚህ ነው። ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ሲረከቡ መክፈል፣ መጠኑንና ቀለሙን በጽሑፍ ማስፈር፣ አንድ ናሙና ገዢውም ሸማኔውም ዘንድ ማስቀመጥ ከክርክር የበለጠ ያተርፋል።

የሸማኔውን ዓመት ማወቅም ግድ ነው። በአዲስ አበባ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ናቸው፤ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ የእንቁጣጣሽ ሥራ እጃቸውን ይይዘዋል። የአሜሪካ ዋናው የስጦታ ገበያ ኅዳርና ታኅሣሥ ስለሆነ፣ በመስከረም የታዘዘ ሸማ የመዘግየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ትእዛዙ ከሰኔ በፊት ይሰጥ።

ይህን ንግድ ለመጀመር ያሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ይምረጡ፤ በጥቂት ናሙና ይጀምሩ፤ የታሪፍ ቁጥሩንና የመለያውን ግዴታ ከጉምሩክ አስተላላፊ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ፤ ከኢትዮጵያም በባንክ የወጪ ንግድ ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ያውጡ። ሸማኔውን በወቅቱና በአግባቡ ይክፈሉ። በአቋራጭ የሚገኝ ትርፍ አንድ ፍተሻ እስኪመጣ ድረስ ነው፤ በሰነድና በታማኝነት የቆመ ንግድ ግን ለልጆች ይተላለፋል።