የውርጭ ሌሊት ሂሳብ

«ለዚህች ነው ይህ ሁሉ ገንዘብ?» ይሉኛል ደንበኞቼ፣ ቆርጬ ያወጣሁትን ቧንቧ ሲያዩ። ቢገረሙ አይፈረድባቸውም። ግማሽ ኢንች የመዳብ ቧንቧ ውሃው በረዶ ሠርቶበት ሲፈነዳ ስንጥቁ እንደ ትንሽ ዓሣ አፍ ይከፈታል። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ጠርዙ ወደ ውጭ ስለተገለበጠ ጣት ይቆርጣል። መጠገኛው ማኒኮቶ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ቦታው ከተገኘ በኋላ ሥራውም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሂሳቡ ግን ከመቶዎች ይጀምርና ኮርኒሱ፣ ወለሉና ግድግዳው ሲጨመሩበት ብዙ ሺህ ዶላር ይገባል። እዚህ ዳላስና አካባቢዋ ለሐበሻውም ለሌላውም ቧንቧ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝና ያ ገንዘብ በምን በምን እንደሚሄድ፣ የቱ ተገቢ የቱ ደግሞ ዝርፊያ እንደሆነ፣ የቱን ደግሞ ጨርሶ ማስቀረት እንደሚቻል በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ።

ቴክሳስ ውስጥ ቤት የሚሠራው ሙቀት ታስቦ ነው። ሚኒሶታ ብትሄዱ ቤቱ ምድር ቤት አለው፤ ውሃው በዚያ ገብቶ በውስጥ ግድግዳ በኩል ይወጣል። የእኛ ቤቶች የሚቀመጡት መሬት ላይ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ነው። ስለዚህ በብዙ ቤቶች የውሃው መስመር ከኮርኒሱ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ተጋድሞ ያልፍና በውጪው ግድግዳ ውስጥ ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት ይወርዳል። እዚያ የቤቱ ማሞቂያ አይደርስም። ብርቱ ውርጭ የሚመጣው በስንት ዓመት አንዴ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል፤ ቤት ሠሪውም ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 መጣ፤ በፌብሩዋሪ 2011 መጣ። በፌብሩዋሪ 2021 የመጣውን ግን ያየው ሁሉ አይረሳውም። በወሩ 16ኛ ቀን በዳላስ ፎርትዎርዝ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። በመላው ቴክሳስ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው፤ ግዛቱ በኋላ ይፋ ባደረገው ቆጠራ 246 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ሳምንት ከእኛም ወገኖች ሕይወታቸው ያለፈ አለ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ይቆማል፤ ማሞቂያው ሲቆም ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ በሰዓታት ውስጥ ይቀዘቅዛል።

ብዙ ሰው ቧንቧ የሚፈነዳው በረዶው በሠራበት ቦታ ላይ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። በረዶው ቧንቧው ውስጥ እያደገ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወደተዘጋው የቧንቧ አፍ ይገፋዋል። ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይሆንና ቧንቧው በደካማው በኩል፣ ውስጡ ያለው ገና ውሃ በሆነበት ቦታ ላይ ይቀደዳል። በብርድ ሌሊት ቧንቧውን እያንጠባጠባችሁ እደሩ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ በረዶውን ላያስቀረው ይችላል፤ ለግፊቱ ግን መውጫ ይሰጠዋል። ስለዚህ የሚከፈተው በውጪው ግድግዳ በኩል ያለው ነው፤ ቀዝቃዛውም ሙቁም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ሽፋን ለሌለው ቧንቧ ማስጠንቀቂያ ይሁን ያለው 20 ዲግሪ ፋራናይትን ነው፤ ከዜሮ በታች 7 ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። ትንበያው ወደዚያ ሲወርድ እኔ መኪናዬን ዕቃ እሞላለሁ። ስልኩ የሚጮኸው ግን በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ቀዳዳውን በረዶው ራሱ ደፍኖት ያድርና ሲቀልጥ ይለቀዋል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። በሥራ ቀን በብርሃን ለሚሠራ ጥገና የማስከፍለውና ለውርጭ ሌሊት የማስከፍለው እኩል አይደለም፤ የሌሊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያዛል፤ በውርጭ ሳምንት አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች 40 ሰዓታቸው ገና በሳምንቱ አጋማሽ ያልቃል። በቴክሳስ ጆርኒማን የሚባለውን ፈቃድ ለማግኘት 8,000 ሰዓት በረዳትነት መሥራት ይጠይቃል፤ ሥራ በኃላፊነት የሚይዘው ማስተር ደግሞ ቢያንስ 300,000 ዶላር የሚሸፍን የኃላፊነት ኢንሹራንስ መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ ሰላም በሆነው ወርም ይከፈላል፤ ሥራ ኖረም አልኖረም።

ከሁሉ የሚያደክመውና ሰዓት የሚበላው ግን ፍለጋው ነው። ጣሪያው ሥር ቀና ብሎ መሄድ አይቻልም። በባትሪ ብርሃን፣ የሙቀት መከላከያው ፋይበርግላስ ላይ በሆዴ እየተሳብኩ፣ ክብደቴን በእንጨቶቹ ላይ ብቻ እያሳረፍኩ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ ከእንጨቱ ከሳተ የኮርኒሱን ሰሌዳ፣ ሺትሮኩን፣ በስቶ ሳሎን ይወርዳል። ከታች ኮርኒሱ የረጠበበት ቦታና ከላይ ቧንቧው የተቀደደበት ቦታ አይገናኙም፤ ውሃ በእንጨት ላይ ተንሸራቶ ሌላ ክፍል ሄዶ ይወርዳል። አንዱን ደፍኜ ውሃ ስለቅ ደግሞ ግፊቱ ይመለሳል፤ እስካሁን ዝም ያለው ሁለተኛው ቀዳዳ ከሦስት ሜትር ርቀት ይፈነጥቃል። ለዚህ ነው መስመሩን በመጀመሪያ በአየር የምሞላው። የግፊት መለኪያውን ጌጅ አስሬ እጠብቃለሁ፤ መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ ያልተገኘ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ደንበኛው ይህን ሁሉ ከታች ሆኖ አያይም፤ የሚያየው ሰዓቱ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ወርጄ አሳየዋለሁ፤ የስልኬን ፎቶ አንድ በአንድ አሳየዋለሁ። ለሚከፍለው ገንዘብ ማየት መብቱ ነው።

ይህን ስል ግን ማንኛውም ዋጋ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2021 ውርጭ አንድ የማውቀው ቤተሰብ ሁለት ማኒኮቶና አንድ ሜትር የማይሞላ ቧንቧ ለገጠመለት ድርጅት ሥራው ሳይጀመር 4,000 ዶላር ከፈለ። ዝርዝር የለ፣ ፊርማ የለ፤ «ካልከፈላችሁ ወደሚቀጥለው ቤት እሄዳለሁ» ነው የተባሉት። ኮርኒሱ እያንጠባጠበ፣ ልጆቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቆመው እያዩ ማን ይደራደራል? የቴክሳስ ገዥ ግሬግ አቦት በዚያው ፌብሩዋሪ በ12ኛው ቀን 254ቱንም ካውንቲዎች ያካተተ የአደጋ አዋጅ አውጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ አዋጅ ባለበት ጊዜ ለአስፈላጊ ነገር ከልክ ያለፈ ዋጋ መጠየቅን የቴክሳስ ሕግ ይከለክላል፤ አቤቱታ የሚቀበለውም የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። ቤተሰቡ አላመለከተም። ለምን ብዬ ስጠይቅ አባትየው «ኧረ ተወው፣ በዚያ ብርድ ማን ይመጣልን ነበር፤ እግዜር ይስጠው» አለኝ። ምስጋናው ከልቡ ነው። እኔን ግን አሁንም ያንገበግበኛል። የብርድ ሌሊት ዋጋ የሚወጣው ከሰዓቱና ከሥራው እንጂ ከሰውየው ጭንቀት መሆን የለበትም። ዋጋዬን ከቤቴ ሳልነሳ በስልክ እናገራለሁ፤ ሥራ ሳልጀምር በጽሑፍ እሰጣለሁ። ይህን የማያደርግ ባለሙያ ከመጣባችሁ በሩ ላይ እያለ ጠይቁት። የፈቃድ ቁጥሩ መኪናው ላይ መጻፍ አለበት፤ ቁጥሩን የግዛቱ የቧንቧ ሥራ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ በደቂቃ ታጣራላችሁ።

ከሂሳቡ ትልቁ ድርሻ ግን የእኔም የሌላ ባለሙያም አይደለም። የፈሰሰው ውሃ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ክፉኛ ከተቀደደ በደቂቃ 30 ሊትር ያህል ሊለቅ ይችላል፤ በሰዓት 9 በርሜል መሆኑ ነው። በውርጭ ቀን ደግሞ ባለሙያ በሁለት ሰዓት ከደረሰ ፈጥኖ ደረሰ ይባላል።

በ2021ዱ የውርጭ ሳምንት ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ኮርኒሱ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተከመረ!» ይላሉ፤ የውሃው ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ውሃውን ዘግተውታል?»

«ዘጋሁት እንጂ! የወጥ ቤቱን ዘጋሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ዘጋሁ።»

ቤቱ ውስጥ ያለውን የቧንቧ አፍ ሁሉ ዞረው አጥብቀው ዘግተዋል። ዋናው ግን እንደተከፈተ ነው። ልጃቸው ቤቱን ሲገዛላቸው የበሩን ቁልፍ፣ የጋራዡን መክፈቻ፣ የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃል አስረክቧቸዋል፤ ውሃው የት እንደሚዘጋ እሱም አያውቅም። ጎረቤት እንዲጠሩ ነገርኳቸው። የመጣውን ወጣት በስልክ ወደ መንገዱ ዳር ላክሁት፤ ሣሩ መሐል የብረት ክዳን አገኘ። በካቻቪቴ ፈልቅቆ ሲያነሳው ከሥሩ ቆጣሪው አለ፤ ከቆጣሪው በመንገዱ በኩል ደግሞ ቫልቩ። ቫልቩ ራሱ ላይ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረት አለው፤ ሥሩም እንዲሁ። በፒንሳ ይዞ ሩብ ዙር ሲያዞረው ሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ይገጥማሉ፤ ሲገጥሙ ተዘጋ። እኔ እዚያ የደረስኩት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። የፈሰሰው ቆሟልና የሚያስቸኩል አልነበረም፤ የከፈሉትም የቀኑን ዋጋ ነው። እንዲያም ሆኖ ሳሎናቸውን ለማደስ ከእኔ ሂሳብ ብዙ እጥፍ ወጣባቸው፤ ስልክ ከመደወላቸው በፊት በፈሰሰው ውሃ ብቻ።

አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ውሃው የት እንደሚዘጋ ማንም አይጠይቅም ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልጁም ሠራተኛዋም ቆጣሪው የት እንዳለ፣ ሮቶው በየትኛው ቫልቭ እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ ሌሊት ተነስተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ያው ሰው እዚህ መጥቶ አሥር ዓመት በኖረበት ቤት የውሃውን መግቢያ አያውቅም። ሳይቋረጥ የሚመጣ ነገር ከየት እንደሚመጣ ማን ይጠይቃል። እኔ ግን ለማንኛውም ሥራ፣ ለመጸዳጃ ቤት ጥገናም ቢሆን፣ ቤት ስገባ ባለቤቶቹን ወደ ቫልቩ ወስጄ በእጃቸው አዘግቼና አስከፍቼ እወጣለሁ። ትልልቆቹን ልጆችም እጠራለሁ።

የእኛን ሰው ለይቶ የሚጎዳ አንድ ነገርም አለ። አገር ቤት የምንሄደው ለገናና ለጥምቀት ነው፤ ጃንዋሪ መሆኑ ነው፤ ቴክሳስ የሚበርድበት ወር። መብራት ይቆጠራል ተብሎ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ቤቱ ባዶውን ለሳምንታት ይቀመጣል። የቤት ኢንሹራንስ በድንገት ከፈነዳ ቧንቧ የወጣ ውሃ ያበላሸውን ብዙ ጊዜ ይከፍላል፤ ቧንቧውን ራሱን መጠገኛ ግን ብዙውን ጊዜ አይከፍልም። ባዶ ቤት ውስጥ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ውሃውም ሳይዘጋ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ ማሞቂያው 55 ፋራናይት ላይ ይቀመጥ፤ ዋናው ውሃ ይዘጋ፤ ከዚያ የቧንቧ አፎቹ ተከፍተው መስመሩ ውስጥ የቀረው ይውጣ። የአትክልት ማጠጫው ጎማም ከውጪው ቧንቧ ይነቀል። ሻንጣ ከመመዘን ያነሰ ሥራ ነው።

ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ደግሞ ለባለሙያ ከኪሳችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። ጤናን የሚጎዳ ብልሽት መጠገን በቴክሳስ ሕግ የአከራዩ ግዴታ ነው። ወዲያው አሳውቁት፤ በጽሑፍ፣ ከፎቶ ጋር፣ ቀኑ ተጠቅሶ። ሆኖም አንድ ነገር እወቁ፦ ጉዳቱ በአከራዩ ኢንሹራንስ የሚሸፈን አደጋ ሲሆን የመጠገኛው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ለአከራዩ ከደረሰ በኋላ ነው። በ2021 ኮርኒሳቸው እንደተቀደደ ወራት የኖሩ ሰዎች ቤት ገብቻለሁ። የረጠበው ፍራሽና የልጆቹ ኮምፒውተር በአከራዩ ኢንሹራንስ አይተካም፤ እሱን የሚተካው ተከራዩ በራሱ የሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። በወር ከአንድ ቤተሰብ የምግብ ቤት ምሳ አይበልጥም፤ ከእኛ ሰዎች ግን ብዙዎች የሌላቸው ሆነው አገኛቸዋለሁ።

ቧንቧው ቀዝቅዞ ገና ያልፈነዳ ከሆነም በእሳት ለማቅለጥ እንዳትሞክሩ። ጣሪያው ሥር ያለው ደረቅ እንጨት ነው። የቧንቧውን አፍ ክፈቱ፣ የፀጉር ማድረቂያውን ከአፉ በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ አሙቁት፤ አንድ ሰው ቫልቩ ዘንድ ይቁም።

በኦክቶበርና በኖቬምበር የእኔም የሌሎች የቧንቧ ሠራተኞችም ስልክ ብዙ አይጮህም። እጅ በቀላሉ የሚደርስበት፣ አዛውንትም በጣታቸው የሚያዞሩት ቫልቭ ቤት መግቢያው ላይ ማስገጠም በዚያ ወቅት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ጣሪያው ሥር ያለውን መስመር በፎም መሸፈን ሌላ ግማሽ ቀን። ሁለቱም በቀን ዋጋ፣ ሁለትና ሦስት ባለሙያ ጠይቆ፣ ዋጋ አወዳድሮ የሚሠራ ነው። የዚያ የጋርላንዱ ቤት ቫልቭ አሁን ከጋራዡ በር አጠገብ፣ በወገብ ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ እማማ መያዣውን ራሳቸው ቀይ ቀለም ቀብተውታል።